የሰው ቤት በሪጋ

ይገዙ ሩስኛ ከተናገረ ብዙ ዘመን አልፎታል። ስቶክሆልም ውስጥ በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የአውሮፕላን ሞተር መሐንዲስ ለመሆን ሪጋ ላይ ስድስት ዓመት መማሩን ከሥራ ጓደኞቹ መካከል የሚያውቅ የለም። ቢያውቁስ ምን ይረባቸዋል። ዲፕሎማውን የሰጠው ሶቭየት ኅብረት ከካርታ ላይ ጠፍቷል፤ ሪጋም የነፃይቱ ላትቪያ ዋና ከተማ ሆናለች።

ስለዚህ በፈረንጆቹ 2007 መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ በስቶክሆልም ዳርቻ አልቢ በሚገኘው ቤቱ ስልክ አንስቶ “ይገዙ፣ ልጄ፣ አንተ ነህ?” የሚል የሩስኛ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ አፉ አልታዘዘለትም። ድምፁን ግን ወዲያው አወቀው። ታማራ ፔትሮቭና ነበሩ።

ደርግ የላካቸው አሥራ አራት ወጣቶች ሪጋ ሲገቡ ሩስኛ ያስተማሯቸው እኚህ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ክረምት ይገዙ የሳንባ ምች ይዞት ከሆስፒታል ሲወጣ፣ የተማሪዎቹ ማደሪያ ብርዳም ነው ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ባል አልነበራቸውም፤ ልጅም አልወለዱም። ካሏቸው ሁለት ክፍሎች አንዱን ለቀቁለትና ሰባት ሳምንት ሙሉ ሾርባ እያጠጡ፣ ግስ እያስረቡ አስታመሙት። ትምህርቱን ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ እሑድ እሑድ ከእሳቸው ቤት አይቀርም ነበር። በ1990 የደርግ ነገር ሲንገዳገድ አገሩ ከመመለስ ይልቅ በፊንላንድ በኩል ስዊድን ገባ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። የፈረንጆች አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ግን ካርድ ይላላኩ ነበር።

“ቤቴን ሊያስለቅቁኝ ነው” አሉት በስልክ።

“ማን?”

“የሕንፃው ባለቤት። የምትኖረው እዚያው ስቶክሆልም ነው። አድራሻዋን ከጠበቃዋ ደብዳቤ ላይ አገኘሁት። ፊት ለፊት ባናግራት ሰው ናትና ይገባታል። ችግሩ ቋንቋ ነው። አንተ ታስተረጉምልኛለህ።”

ጥያቄ አልነበረም። ይገዙም እንደ ጥያቄ አልቆጠረውም። “ይምጡ” አላቸው።

የመጡት በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በመርከብ ነው። ይገዙ ከጋራዡ ፈቃድ ወስዶ ወደቡ ላይ ሲጠብቃቸው፣ ከሚወጣው መንገደኛ መካከል ሊያልፋቸው ምንም አልቀረው። ትልቅ ሴት ነበሩ በትዝታው፤ አሁን ከትከሻው በታች የሚደርሱ፣ ግራጫ ካፖርት የዋጣቸው አሮጊት ሆነዋል። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው ፓስፖርታቸውን ይዘዋል። ፓስፖርቱን ወደ ቦርሳቸው አልመለሱትም፤ ልጅ ፈተና ወድቆ ወረቀቱን ለአባቱ እንደሚያሳይ ዘረጉለት።

“እየው” አሉት።

ሽፋኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው “የባዕድ ሰው ፓስፖርት” የሚል ነበር።

“ላትቪያ ስልሳ አንድ ዓመት ኖሬ ባዕድ ነኝ” አሉ። “ከዘንድሮ ጥር ወዲህ በዚህ ያለ ቪዛ ስዊድን መግባት ተፈቅዶልናል። ይኸው ይህንን አገኘን።”

ቤት ሲደርሱ የይገዙ ባለቤት የሻሽወርቅ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የሻሽወርቅ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ረዳት ነርስ ናት፤ ሽማግሌና አሮጊት መያዝ ታውቅበታለች። ካፖርታቸውን ተቀብላ፣ ጫማቸውን ጎንበስ ብላ አወለቀችላቸው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃቸው ርሆቦት መኝታ ክፍሏን እንድትለቅ ስትጠየቅ በስዊድንኛ “ለስንት ቀን?” ከማለት በቀር አላንጎራጎረችም። “እማማ፣ እንደ ቤትዎ ይሁኑ” አለቻቸው የሻሽወርቅ፤ ይገዙ ሲተረጉምላቸው ታማራ ፔትሮቭና እጇን ይዘው ቆዩ።

ማታ እራት ላይ ታሪካቸውን አወሩ። ይገዙ አንድ ጉርሻ እየዋጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ይተረጉም ነበር።

“በ1991 ጥር የሶቭየት ታንክ ይመጣል ተብሎ የሪጋ ሰው በየመንገዱ ድንጋይና መኪና ሲደረድር እኔም ወጥቻለሁ። ሩስያዊት ነኝ፤ ግን ሻይ በቴርሞስ ይዤ ለላትቪያ ልጆች አደልኩ። በመጋቢት ‘ነፃ እንሁን ወይስ አንሁን’ ተብሎ ሲጠየቅ ‘እንሁን’ ብዬ ድምፅ ሰጠሁ። ነፃ ሆንን። ከዚያ ‘ከጦርነቱ በፊት ወላጆችሽ ዜጋ ነበሩ?’ አሉኝ። አልነበሩም። ‘እንግዲያው ዜጋ አይደለሽም፤ የላትቪያ ቋንቋ ተፈተኚ’ አሉኝ። ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቴም ወደቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቋንቋ ያስተማርኩ ሴት።”

“ከዚያስ?” አለች የሻሽወርቅ።

“ከዚያማ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። የሬዲዮው፣ የባቡሩ። እናንተ የተማራችሁበት ኢንስቲትዩትም ተበተነ። ወጣቶቹ አየርላንድ እንጉዳይ ሊለቅሙ ሄዱ። አሁን ደግሞ አዲስ ዘመን ነው፤ ባንኩ ሁሉ ለለመነ ያበድራል፣ በየመንገዱ ክሬን ቆሟል። ከተማው እንዲህ አምሮ አያውቅም። እኔ ብቻ ነኝ የምበላሸው።” ፈገግ አሉ። “የእኛ ቤት ከኦፔራው ብዙ አይርቅም። ባለ አምስት ፎቅ ነው። ሀብታም ይወደዋል። እስከ አምና የኪራይ ጣሪያ ስለነበረ እንደኔ ያለውን ጡረተኛ ማንም አይነካውም ነበር። ዘንድሮ ጣሪያው ተነሣ። ባለቤቷም ሕንፃውን ለአንድ ኩባንያ ሸጠችው። እስከ ግንቦት ልቀቁ ተብለናል።”

የሻሽወርቅ ሹካዋን አስቀመጠች። ከዚያ ባሏን በአማርኛ “ቤቱ ዱሮ የማን ነበር? እስቲ ጠይቃቸው” አለችው።

ጠየቀ። ታማራ ፔትሮቭና ትከሻቸውን ነቀነቁ። “የአንድ ነጋዴ። እኔ አላየሁትም። በ1940 መንግሥት ወረሰው፤ በ41 ሰውየውን ሳይቤሪያ ላኩት፤ እዚያው ሞተ ይላሉ። ሚስቱና ልጁ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ወደ ስዊድን አመለጡ። ከነፃነት በኋላ ቤቱ የተመለሰው ለልጅቷ ነው።”

 የሻሽወርቅ ተነሥታ ሻይ ቀዳችላቸው፤ ስኳርም ጨመረችላቸው።

በነጋታው ይገዙ ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ወጥ ቤት ውስጥ አገኘችው። እንግዳቸው ገና ተኝተዋል።

“የሴትዮዋን መልካምነት አላጣሁትም” አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “አንተን ከሞት አትርፈዋል። እዚህ እስከፈለጉ ይቀመጡ፣ አንድ ቀን አይከፋኝም። ግን የሰው ቤት ነው፣ ይገዙ።”

“እሳቸው አልወሰዱትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ።”

“የኛንም ቤት የወሰዱት የገቡበት ሰዎች አይደሉም።”

ይህንን ታሪክ ይገዙ ያውቀዋል። የየሻሽወርቅ አባት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሰፍተው ካዛንቺስ ሁለት ቤት ሠሩ፤ አንዱን ኖሩበት፣ ሌላውን አከራዩት። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ የሚከራየው ቤት ለቀበሌ ሆነ። አንዲት የመምህር ሚስት ከአራት ልጆቿ ጋር ገባችበት። ደርግ ሲወድቅ አባትየው ፋይላቸውን አቧራ አራግፈው ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ጀመሩ። “ነገ ይምጡ” እየተባሉ ስምንት ዓመት ሄዱ። የሞቱትም ከዚያው ምልልስ ላይ ወድቀው ነው።

“ያቺ የመምህር ሚስት ደግ ነበረች” አለች የሻሽወርቅ። “በዓል ሲሆን ዳቦ ትልክልን ነበር። አባቴ ዳቦውን አይበላም። ‘የራሴን ቤት ምድጃ ዳቦ ነው በነፃ የላከችልኝ’ ይል ነበር። ከቤቱ ይልቅ የገደለው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አንድም ሰው፣ አንድም ባለሥልጣን፣ ‘አዎ፣ ያንተ ነበር፤ ወስደንብሃል’ አላለውም። ‘በአዋጁ መሠረት’ ነው የሚሉት።”

 ይገዙን ሪጋ ልኮ ያስተማረው ያው ቤቱን የወረሰው መንግሥት ነበር። የሻሽወርቅ ይህን በአፏ ተናግራው አታውቅም፤ ዛሬም አልተናገረችም።

ጋራዥ ሆኖ በምሳ ሰዓት ለሕንፃው ባለቤት ደወለ። አይና ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው።  ነገሩን እንደሰሙ “ነገ በስምንት ሰዓት ለሻይ ኑ” አሉት፤ በጥሩ፣ በደረቅ ስዊድንኛ።

ቅዳሜ ከአልቢ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ሄዱ። ታማራ ፔትሮቭና ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ትንሽ የአምበር ድንጋይ ጌጥ ሰክተዋል። መንገዱን ሙሉ የሚሉትን በከንፈራቸው ሲለማመዱ ነበር።

አይና የሚኖሩት መሐል ከተማ፣ ቫሳስታን ውስጥ፣ ሊፍት ባለው አንድ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ አጭር ነጭ ጸጉር ያላቸው፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሻይና የሄል ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ቀርቧል። እንዳስቀመጧቸው ለታማራ ፔትሮቭና በላትቪያኛ አንድ ነገር ጠየቋቸው።

ታማራ ፔትሮቭና ቀሉ። ሁለት ቃል መለሱና ሦስተኛው ጠፋባቸው። ወደ ሩስኛ ተመለሱ።

አይና ወደ ይገዙ ዞሩ። “አንተ ስዊድን ስንት ዓመትህ ነው?”

“አሥራ ሰባት።”

“እሷ እዚያ ስልሳ አንድ ዓመት።” አሉና ሻዩን ይቀዱ ጀመር።

“ምን አለች?” አሉ ታማራ ፔትሮቭና።

“ስዊድን ስንት ዓመትህ ነው አለችኝ።”

ታማራ ፔትሮቭና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው የተለማመዱትን ጀመሩ። “አባቴ የወደብ ሠራተኛ ነበር። ከጦርነቱ የተመለሰው እያነከሰ ነው፤ ሁለት ወንድሞቹ አልተመለሱም። ሪጋ ተመደበና አንድ ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱ ላይ የክፍል ቁጥር ነበረ፤ የሰው ስም አልነበረም። ሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ ሌሎች ቤተሰቦች ገቡ። እኔ ያደግሁት፣ እናቴም አባቴም የሞቱት እዚያ ነው። ሌላ ቤት አላውቅም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ እስክሞት ሁለቱን ክፍል ይተዉልኝ። ብዙ አልቆይም።”

ይገዙ አንድም ሳያጎድል ተረጎመው። አይና በጥሞና ሰሙት። ሲጨርስ ግን የመለሱት ስለ ክፍሎቹ አልነበረም።

“ወደ መንገዱ በሚያየው ክፍል፣ በግራ በኩል፣ የእናቴ ፒያኖ ነበረ” አሉ። “ጥቁር ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር ስንሄድ፤ ልንወስደው አልቻልንም። ምን እንደሆነ ታውቃለች?”

ይገዙ ጠየቀ። ታማራ ፔትሮቭና ወደ ሻያቸው አዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፈጠን ብለው በሩስኛ “አቃጠልነው” አሉት። “በ47 ክረምት እንጨት አልነበረም። አባቴ በመጥረቢያ ፈለጠው። አሥር ቀን ሞቀን። አትንገራት፣ ልጄ።”

ይገዙ ወደ አይና ዞረ። “እነሱ ሲገቡ አልነበረም አሉ። አላየነውም ነው የሚሉት።”

“አዎ” አሉ አይና። “እንደዚያ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር።” ትከሻቸው ትንሽ ለቀቅ ያለ መሰለ። ይገዙም ያደረገውን አልተጸጸተበትም።

ከዚያ አይና ታማራ ፔትሮቭናን ትኩር ብለው ተመለከቷቸው። “በ1994 ሄጄ ነበር። ቤቱ ተመልሶልሻል የሚል ወረቀት ይዤ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የአባቴን ደረጃ ወጣሁ፤ እያንዳንዱን በር አንኳኳሁ። ማንም አላስገባኝም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ከፈተችልኝ፣ ስሜን ስነግራት ፊቴ ላይ ዘጋችው። ያቺ ሴት አንቺ ነሽ?”

ይገዙ ሲተረጉም ታማራ ፔትሮቭና ዓይናቸውን አላነሡም። “እኔ ነኝ” አሉ። “ፈርቼ ነበር። ዛሬውኑ ልታስወጣን የመጣች መሰለኝ።”

ይህንንም እንዳለ ተረጎመው።

አይና ተነሥተው በምርኩዛቸው ወደ መስኮቱ ሄዱ።  “ልጄ ነው ሽያጩን የጨረሰው” አሉ። “ፊርማው ከጥር ጀምሮ አልቋል፤ ትልቁን ቤት ማስቀረት አልችልም። ግን በግቢው በኩል፣ በስተጀርባ፣ አንዲት ክፍል በውሉ ለራሴ አስቀርቻለሁ። ተመልሼ ልሞትባት አስቤ ነበር። አሁን ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም። ትኑርባት። እስክትሞት ድረስ ማንም አይነካትም፤ እጽፍላታለሁ።”

 ይገዙ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት አይና እጃቸውን አነሡ።

“አልጨረስኩም። አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ይቅርታ አይደለም። ይህ ቤት ከአባቴ ያለ ፈቃዱ እንደተወሰደ ትናገር። እዚህ፣ እኔ ፊት። በፈለገችው ቋንቋ። በሕይወቴ ከዚያ ወገን አንድ ሰው ሲለው ሰምቼ አላውቅም።”

ሩስኛ “ተወሰደ” ለማለት ለስለስ ያለ ቃል አለው፤ ይገዙ ያውቀዋል። ሌላም ቃል አለው፤ “ተዘረፈ” ማለት ነው። የሁለቱን ልዩነት ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ በዚያው ቤት፣ አልጋ ላይ ሆኖ ያስተማሩት እኚሁ ሴት ናቸው። ለምን ሁለተኛውን እንዳነሣ ራሱም ኋላ ላይ ቁርጡን ሊያውቀው አልቻለም። ደክሞት ነበር። ደግሞም የየሻሽወርቅ ድምፅ ከትናንት ጀምሮ ከጆሮው አልወጣም።

“ክፍል ትሰጥዎታለች” አላቸው። “በግቢው በኩል፣ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ። ግን ይህ ቤት ከአባቷ የተዘረፈ መሆኑን፣ እናንተም በተዘረፈ ቤት መኖራችሁን፣ እዚህ ፊቷ ላይ ይናገሩ ትላለች።”

ታማራ ፔትሮቭና ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሊጠጡ ያነሡትን ስኒ መልሰው አስቀመጡት።

“አባቴ ሌባ አልነበረም” አሉ። “ሁለት ወንድሞቹን ለጦርነት ገብሮ፣ እግሩን ሰብሮ፣ ያገኘው ሁለት ክፍል ነው። ለአንዲት ክፍል ብዬ አባቴን በመቃብሩ ሌባ አልለውም። በላት።”

ይገዙ ነገራቸው። ቃል በቃል፣ ሳያለዝብ።

አይና ግር አላቸው። ቅንድባቸው ተሰበሰበ። “ሌባ ነው መቼ አልኩ?” አሉ። “አባቷን አላነሣሁም። ተወሰደ ነው ያልኩት። ተወሰደ ብቻ።”

ይህንን ይገዙ አልተረጎመውም።

ጊዜ አልነበረውም ለማለት አይቻልም። ታማራ ፔትሮቭና ተነሥተው ካፖርታቸውን እየፈለጉ ነበር፤ ለብሰውም ቁልፎቹን አንድ በአንድ እስኪቆልፉ ብዙ ቆዩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። “ይቆዩ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት” ማለት አራት ቃል ነው። ከዚያ ግን ሁለቱም አሮጊቶች እሱን ያዩታል፤ ስለ ፒያኖው የዋሸው ሰው፣ በቤቱ ጉዳይ የጨከነው ሰው፣ በሁለቱም ፊት ይቆማል። ይህን ፈራ። በሩን ከፈተላቸው። አይና ከወንበራቸው ኋላ ቆመው፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሲወጡ ተመለከቷቸው።

ባቡሩ ውስጥ ታማራ ፔትሮቭና ወደ እሱ ዞሩ። “ልክ ነው ያልኩት?” ብለው ጠየቁት።

“ልክ ነው” አለ።

“አንተም ብትሆን አባትህን ሌባ አትልም።”

“አልልም።”

እሑድ ወደ መርከቡ ሸኛቸው። የሻሽወርቅ ስንቅ ቋጠረችላቸው፤ ሹራብም ሰጠቻቸው። ይገዙ ከመካከላቸው ቆሞ የሁለቱን ምርቃት ወዲያና ወዲህ ተረጎመ። የአይና ቤት ነገር እንዴት እንደሆነ የሻሽወርቅ ስትጠይቀው “ሴትዮዋ ክፍል ልትሰጣቸው ነበር፤ እሳቸው ክብራቸው አልፈቀደም” አላት። ውሸት አልነበረም።

ግንቦት ላይ ታማራ ፔትሮቭና ከሪጋ ለቀው ዳውጋቭፒልስ የሚባል ከተማ ወደ እኅታቸው ልጅ ሄዱ። በዚያ ዓመት የአዲስ ዓመት ካርድ አልመጣም። ይገዙ ልኮ ነበር፤ ምላሽ ሲያጣ አድራሻው ተሳስቶብኝ ይሆናል አለ። በሚቀጥለው ዓመትም አልመጣም።

በዚያን ጊዜ የላትቪያ ነገር በስዊድን ዜና ላይ በየቀኑ ይነሣ ጀመር። ያ ለለመነ ሁሉ ያበደረው ባንክ ብድሩን ሊሰበስብ ሲዞር ከፋይ አጣ። ክሬኖቹ እንደቆሙ ቀሩ። የአስተማሪ ደመወዝ ተቆረጠ፤ ሆስፒታል ተዘጋ። ያች በአሥራ ሰባት ዓመቷ “ነብር” ተብላ የተሞገሰች አገር ለዓለም ገንዘብ ድርጅት እጇን ዘረጋች። ጋራዡ ውስጥ ሁለት የላትቪያ ልጆች አዲስ ተቀጥረው አውቶቡስ ማጠብ ጀመሩ፤ አንደኛው መሐንዲስ ነበር። ይገዙ በሩስኛ ሰላም ቢለው ልጁ በእንግሊዝኛ መለሰለት።

በ2009 ሚያዝያ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ አይና ደወሉ። ቁጥሩን ሁለት ዓመት አስቀምጠውታል ማለት ነው።

“ቤቱን የገዛው ኩባንያ ከሠረ” አሉት። ድምፃቸው በጣም ቀጥኗል። “ግማሹን አፍርሰው ጥለውት ሄደዋል። ከሦስተኛ ፎቅ በላይ መስኮት የለውም አሉኝ፤ እርግብ ገብቶበታል። ተከራዮቹ ወጥተዋል፤ እኔም አልገባሁ፤ ገንዘቡም ተሟልቶ አልተከፈለም። ለምን እንደተመለሰልኝ አሁን አላውቅም።” ትንሽ አረፉ። “የግቢዋ ክፍል ግን ደህና ናት። ያቺ ሴት በሕይወት አለች?”

“አላውቅም” አለ ይገዙ።

“ካለች ትኑርባት። ምንም እንድትል አልፈልግም። ንገራት።”

ይገዙ የታማራ ፔትሮቭናን እኅት ልጅ ስልክ ከአንድ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛው በኩል እስኪያገኝ አንድ ሳምንት ፈጀ። የደወለውም በተከታዩ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ስልኩን ያነሣችው የእኅታቸው ልጅ ናት።

“አክስቴ ተኝታ ነው የምትውለው፤ ግራ ጎኗ አይሠራም” አለችው። “ሪጋ አትመለስም። ወደ የትም አትሄድም።”

“ላናግራቸው እችላለሁ?”

ስልኩን ስታስቀምጠው፣ ስትሄድ፣ ከሩቅ በሩስኛ ስትጠይቅ ሰማ። ከዚያ አንድ ሌላ ድምፅ፣ የተጎተተ፣ ግን አሁንም የመምህር ድምፅ፣ “አይሆንም” ሲል ሰማ። ሴትዮዋ ተመለሰች።

“አትፈልግም። አትቀየመኝ፤ የምትለውን ልንገርህ። ከስቶክሆልም ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር ነው የምትለው። ‘የቤቱ ባለቤት ስታወራ ፊቷ የሚሰድብ ሰው ፊት አልነበረም። ያ ልጅ ቃሏን ለውጦብኛል’ ትላለች። እኔ አላምናትም። በእርጅና ነው። አንተን እንዴት እንዳስታመመች ስታወራ ነው ያደግሁት።”

“እውነታቸውን ነው” ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን “ሰላም በሉልኝ” የሚል ነበር። ስለ ግቢዋ ክፍል ምንም አልተናገረም፤ ሰውነታቸው ግማሹ ለማይሠራ ሰው ምን ያደርጋል ብሎ ራሱን አሳመነ።

የሻሽወርቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ስትሰማ ነበር፤ ሩስኛ አታውቅም፣ ፊቱን ግን ታውቃለች። “ምንድን ነው?” አለችው። ያን ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነገራት። ሁለቱን ቃላት፣ የመረጠውን፣ ያልተረጎመውን፣ ፒያኖውንም።

 “የመረጥከው ቃል ውሸት አይደለም” አለች የሻሽወርቅ።

“አይደለም። ግን አይና አላሉትም።”

“አባቴን አስበህ ነው?”

“እንጃ። አባትሽን እንኳ ሰበብ ማድረግ አሳፈረኝ።”

የሻሽወርቅ እጇን በፎጣ አደረቀች። ይገዙ የቅዳሜ ተረኛ ነበር። ጫማውን አጠለቀ፣ ጃኬቱን ደረበና ወደ ጋራዡ ሄደ።